የጸና ቁጥር፣ ያልጸና ቃል

አንድ መንግሥት የገንዘቡን ዋጋ በአዋጅ ወስኖ ያንን ቁጥር ለዓመታት ሳያነቃንቅ ቢያቆይ ቃሉን ጠበቀ ይባላልን? ሌላው ደግሞ የገንዘቡን ዋጋ በአደባባይ ዝቅ ቢያደርግ ቃሉን አፈረሰ ይባላልን? ብዙ ሰው ለሁለቱም ሳያመነታ «አዎን» ይላል። የማይናወጥ ነገር የታመነ፣ የሚለዋወጥ ነገር ደግሞ የሚያጠራጥር ይመስለናልና። ገንዘብ የመንግሥትን ማኅተም የተሸከመ ቃል እንደ መሆኑ ዋጋው ሲወርድ የመንግሥት ክብር አብሮ የወረደ አድርገን እናያለን። እኔ የምሞግተው የዚህን ተቃራኒ ነው። የገንዘብ ዋጋ እውነተኛነት የሚለካው ቁጥሩ ስንት ዘመን ቆመ በሚለው አይደለም። በዚያ ቁጥር ሊመነዝር የመጣ ማንኛውም ሰው በመስኮቱ ፊት የሚገባውን ያገኛል ወይ በሚለው ነው። ለዚህ ክርክር ምስክር አድርጌ የምጠራቸው በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚገኙትን ሁለት ትናንሽ የደሴት አገሮች፣ ሞሪሸስንና ሲሼልስን ነው። ሁለቱም ገንዘባቸውን ሩፒ ይሉታል፤ ሁለቱም ከአንድ ቁጥር ተነሡ፤ ከዚያ ግን አንደኛዋ ዝቅ እያለች፣ ሌላዋ በወረቀት ላይ እንደ ቆመች ተለያዩ። በታሪካቸው ውስጥ የሁለት አገር ሒሳብ ብቻ ሳይሆን ስለ ቃል፣ ስለ ፍትሕና ስለ እውነት ብዙ የሚያስተምር ነገር አለ። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም ደሴቶች በፈረንሳይ እጅ ቆይተው በ1814ቱ የፓሪስ ውል ለብሪታንያ ተላለፉ። ሲሼልስ ለረጅም ጊዜ ከሞሪሸስ ሥር ስትተዳደር ኖራ በ1903 ራሷን የቻለች ቅኝ ግዛት ሆነች። ከ1834 ጀምሮ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ በኮንትራት ከሕንድ የመጡት ሠራተኞች በሞሪሸስ ሲበዙ የሕንድ ሩፒም አብሯቸው ተስፋፋ፤ በ1876 ሩፒ በሕግ የአገሪቱ ገንዘብ ሆነ። ሲሼልስም በዚያው በሞሪሸስ ገንዘብ ስትገበያይ ቆይታ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተቀሰቀሰበት በ1914 የራሷን ኖት ማሳተም ጀመረች። ስሙ ይለይ እንጂ ዋጋው አልተለየም። በ1934 የሞሪሸስ ሩፒ ከሕንድ ሩፒ ጋር የነበረው ትስስር ቀርቶ ከብሪታንያ ገንዘብ ጋር ሲታሰር አንድ ሩፒ በ1 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ተተመነ፤ 13 ሩፒ ከሲሶ አንድ ፓውንድ ማለት ነው። የሲሼልስ ሩፒም በዚሁ ልክ ተሰፍሮ ኖረ። በ1966 ሕንድ የራሷን ሩፒ ዝቅ አድርጋ አንዱን ፓውንድ በ21 ሩፒ ስትመነዝር ሁለቱ ደሴቶች አልተከተሏትም። በኖቬምበር 1967 ግን ብሪታንያ ፓውንዷን ከ2.80 ዶላር ወደ 2.40 ስታወርድ ሁለቱም ተከተሏት፤ ለአንድ ዶላር ይከፈል የነበረው 4.76 ሩፒ በአንድ ጊዜ ወደ 5.56 ገደማ ከፍ አለ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሞሪሸስና የሲሼልስ ሩፒ እርስ በርስ አንድ ለአንድ እንደ ነበሩ ቀሩ። ሞሪሸስ በ1968፣ ሲሼልስ በ1976 ነጻነታቸውን ተቀዳጅተው፣ በ1979 እንኳ የዓመቱ አማካይ ተመን በሁለቱም አገር ለአንድ ዶላር 6 ሩፒ ከ30 ሳንቲም አካባቢ ነበር።

ይህን ረጅም እኩልነት ያየ ሰው የመጽናት ምሳሌ አድርጎ ሊያወድሰው ይችላል። ነገር ግን እኩልነቱን የመረጠው ከሁለቱ ደሴቶች አንዱም አልነበረም። ሁለቱ ገንዘቦች እኩል የሆኑት ሁለቱም ለአንድ ጌታ ስለ ታሰሩ ነው። ለንደን በአንድ ቀን ስትወስን በሞሪሸሷ ፖርት ሉዊስ ያለው ደመወዝተኛም ሆነ በሲሼልሷ ቪክቶሪያ ያለው ዓሣ አጥማጅ ሳይጠየቅ የገንዘቡ ዋጋ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ ከፍትሕ አንጻር ሥርዓቱ ጉድለት ነበረበት። ከሐቀኝነት አንጻር ግን አንድ የማይካድ ጠባይ ነበረው፦ በጊዜው የቅኝ ግዛቶቹን ኖት የሚያወጡት የገንዘብ ኮሚሽነሮች ለሚያሳትሙት ሩፒ መጠባበቂያ የሚሆን የውጭ ሀብት መያዝ ነበረባቸው። ሩፒውን ይዞ ለሚመጣው በተባለው ተመን ፓውንዱ ይሰጠዋል። ቁጥሩ በውጭ ኃይል የተጫነ ቢሆንም ከቁጥሩ በስተኋላ ዕቃው ነበረ። ይህ ልዩነት ለክርክሬ መሠረት ስለ ሆነ አንባቢ እንዲይዝልኝ እሻለሁ፦ የአንድ ተመን ፍትሐዊነትና የአንድ ተመን እውነተኛነት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ተመን ያለ ሕዝብ ፈቃድ ተወስኖ ሳለ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ በሕዝብ መንግሥት ተወስኖ ሳለም ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል።

መለያየቱ የመጣው ከ1979 በኋላ ነው። ሞሪሸስ በ1970ዎቹ አጋማሽ የስኳር ዋጋ ሰማይ በነካ ጊዜ ወጪዋን አብዝታ ነበር፤ ዋጋው ሲወድቅ ግን የውጭ ምንዛሪ ክምችቷ ተሟጠጠ። መንግሥት በኦክቶበር 1979 የሩፒውን ተመን ዝቅ አደረገ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ1981 ደግሞ ደገመው። በ1982 አንዱን ዶላር ለማግኘት 11 ሩፒ ገደማ ይጠየቅ ነበር፤ በ1985 ከ15 በላይ፤ በ2000 ደግሞ 26። ሲሼልስ በበኩሏ በዚያው በ1979 ገንዘቧን ከፓውንድ አላቅቃ፣ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በሚያወጣው የሒሳብ መለኪያ ላይ አሰረችው። የሲሼልስ ሩፒ ለአንድ ዶላር በ1985 ወደ 7፣ በ1990 ወደ 5፣ በ2000 ከ6 በታች ሆኖ ዘለቀ። ወረቀቱን ብቻ ለሚያነብ ሰው ውጤቱ አስገራሚ ነው፦ በ1979 እኩል የነበሩት ሁለት ገንዘቦች በ2006 አንዱ የሲሼልስ ሩፒ ከአምስት ተኩል የሞሪሸስ ሩፒ በላይ የሚያወጣ ሆነ። እንግዲህ ማን ጸና፣ ማን ወደቀ? ቁጥሩን ዳኛ ካደረግን መልሱ ግልጽ ነው። ሲሼልስ ክብሯን ጠበቀች፤ ሞሪሸስ ገንዘቧን አዋረደች።

ዳኛውን ቁጥሩ ሳይሆን የባንኩ መስኮት ካደረግነው ፍርዱ ይገለበጣል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሲሼልስ ኑሮ ውስጥ የነበረውን ነገር ጠጋ ብለን እንመልከት። የአገሪቱ የውጭ ገቢ በአመዛኙ ከቱሪስትና ከቱና ዓሣ ይመጣ ነበር። ቱሪስቱ የሆቴል አልጋውንና የመኪና ኪራዩን በውጭ ገንዘብ እንዲከፍል ሕግ ያስገድደው ነበር። ልብ በሉ፤ መንግሥት የገዛ ሩፒውን በገዛ ምድሩ ላይ ማንም ከእንግዳ እጅ እንዳይቀበል ከለከለ ማለት ነው። ነጋዴው ዕቃ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ጠይቆ ባንክ ውስጥ ወረፋ ይይዛል፤ ሩፒው በእጁ አለ፣ ተመኑ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ዶላሩ ግን የለም። በሱቆች መደርደሪያ ላይ አንዱ ዕቃ ሲገኝ ሌላው ይጠፋል። ከይፋዊው ተመን በእጅጉ ከፍ ባለ ዋጋ ዶላር የሚሸጥበት ጥቁር ገበያ ከመስኮቱ አጠገብ ይኖር ነበር። ያ «አንድ የሲሼልስ ሩፒ ከአምስት ተኩል የሞሪሸስ ሩፒ በላይ» የሚለው ተመን እንግዲህ ማን ሊመነዝርበት የቻለ ነው? ከተመረጠ ሰው በቀር ማንም። በ2008 የነዳጅና የእህል ዋጋ በዓለም ላይ ሲንር አገሪቱ የ230 ሚሊዮን ዶላር ቦንዷን ወለድ መክፈል አቃታት። በኖቬምበር 2008 መንግሥት የምንዛሪ ቁጥጥሩን አንሥቶ ሩፒውን ለገበያ ለቀቀው፤ ዶላሩ ከ8 ሩፒ ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 16 ተጠጋ። በ2009 የዓመቱ አማካይ ሲወሰድ አንዱ የሲሼልስ ሩፒ ያወጣ የነበረው ሁለት ከሲሶ የሞሪሸስ ሩፒ ያህል ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ለዓመታት በወረቀት ላይ የተከማቸው ክብር በአንድ ወቅት ተጠርጎ ሄደ።

የፍልስፍናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። የምንዛሪ ተመን ምን ዓይነት ነገር ነው? እንደ ተራራ ከፍታ በተፈጥሮ የተሰጠ፣ እኛ ብንስተውም ባንስተውም ያለ እውነታ ነው? አይደለም። አርስቶትል በኒቆማኮስ ሥነ ምግባር አምስተኛ መጽሐፉ እንዳስተማረው ገንዘብ በሰዎች ስምምነትና በሕግ የቆመ ነው፤ ሰዎች ሊለውጡትም ሊሽሩትም ይችላሉ። በስምምነት የቆመ ነገር ደግሞ እውነተኛ የሚሆነው ከተፈጥሮ ጋር በመመሳሰሉ ሳይሆን የተባለው በመፈጸሙ ነው። ተመን ቃል ኪዳን ነው ማለት ይህ ነው፦ «ይህን ያህል ስጠኝ፣ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ» የሚል ቃል። ቃል ኪዳን ሁለት ወገን አለው፤ የሚነገረውና የሚፈጸመው። የሚነገረውን ብቻ ይዞ የሚፈጸመውን የተወ መንግሥት ቃሉን ጠበቀ ሊባል አይችልም፤ የጠበቀው የቃሉን ድምፅ ነው። ሞሪሸስ በ1979 እና በ1981 ያደረገችው «ያንን ያህል መስጠት አልችልም፤ የምችለው ይህን ያህል ነው» ብሎ መናገር ነበር። ቃልን በግልጽ ማሻሻልና ቃልን በስውር ማጠፍ በሥነ ምግባር ሚዛን እኩል አይደፉም።

የሃይማኖት ትምህርትም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በኦሪት ዘዳግም ሁለት ዓይነት መመዘኛ፣ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ አድርጎ በከረጢት መያዝ የተከለከለ ነው። በቁርኣንም ሲገዙ ሞልተው የሚቀበሉ፣ ሲሸጡ ግን አጉድለው የሚሰፍሩ ሰዎች የተወገዙበት ምዕራፍ አለ። የሁለቱም ክልከላ ያረፈበትን ቦታ ልብ ብለን እንመልከት። መመዘኛው ስንት መሆን እንዳለበት አልተደነገገም፤ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ቢበልጥ ኃጢአት የለበትም፤ ንጉሥ አዲስ መስፈሪያ ቢያውጅም እንደዚሁ። ኃጢአቱ ያለው በሁለትነቱ ላይ ነው፦ ለአንዱ ሰው አንድ መስፈሪያ፣ ለሌላው ሌላ። ይፋዊ ተመን ከጥቁር ገበያ ተመን ጋር ጎን ለጎን ሲኖር የሆነው ይህ ነው። ለባለ ፈቃዱ አስመጪ በአምስት ተኩል ሩፒ የሚሰፈረው ዶላር፣ ልጁን ውጭ አገር ለሚያሳክም ወላጅ በድብቅ እጅግ አብልጦ ይሰፈራል። ሁለቱም የአንድ አገር ዜጎች ናቸው፤ ሁለቱም የያዙት በአንድ ማኅተም የታተመ ወረቀት ነው። ቁጥሩ አልተነካም፤ ሚዛኑ ግን ሁለት ሆነ። በእኔ ግምት ገንዘብን በተመለከተ አንድ መንግሥት ሊፈጽመው ከሚችለው በደል ከባዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የበደሉ መሣሪያ ራሱ የታማኝነት መልክ ለብሶ ይታያል።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ ብርቱ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ሊቅ ኒኮል ኦሬም ገንዘብን ስለ መለወጥ በጻፈው ድርሳን፣ ገንዘብ የማኅበረሰቡ እንጂ የንጉሡ ንብረት እንዳልሆነና ክብደቱን ወይም ጥራቱን ዝቅ አድርጎ በስም ብቻ ማቆየት ዝርፊያ እንደሆነ አስረድቷል። በዚህ ዓይን ሲታይ ሞሪሸስ ጥፋተኛ ናት። በ1978 ጥሪቱን በሩፒ ያስቀመጠ መምህር ወይም ጡረታ የወጣ የወደብ ሠራተኛ፣ ምንም ሳያጠፋ በ1982 የገንዘቡ የውጭ የመግዛት አቅም በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረውም። ይህ ጉዳት እውነተኛ ነው፤ ማቃለልም አይገባም። ሆኖም የኦሬምን ክስ ጠለቅ ብለን ካየነው የሚከሰው መለወጡን ብቻ አይደለም። ንጉሡ ለራሱ ጥቅም ሲል፣ ከማኅበረሰቡ ተደብቆ፣ ያነሰውን በቀድሞው ስም ማስከፈሉን ነው የሚከሰው። በሞሪሸስ ዝቅታው ታወጀ፤ ሁሉም በአንድ ቀን አወቀ፤ ሁሉም በአንድ ተመን ተመነዘረ። ከዚህም በላይ ሕዝቡ ፍርዱን የመስጠት ዕድል አገኘ። በጁን 1982 ምርጫ የሲውሳጉር ራምጉላም መንግሥት በዋናዋ ደሴት ከነበሩት 60 መቀመጫዎች አንዱንም ሳያገኝ ወደቀ። ድምፅ ሰጪውን ካስቆጡት ነገሮች መካከል የኑሮው ክብደትና ሥራ አጥነቱ ነበሩበት። ተቃዋሚ ሆነው የመጡት አዲሶቹ መሪዎች ግን ሥልጣን ሲይዙ ሩፒውን ወደ ቀድሞው ቁጥር አልመለሱትም፤ ሊመልሱት እንደማይችሉ ሒሳቡ ራሱ ይነግራቸው ነበርና። በግልጽ የተነገረ ጉዳት ይመዘናል፣ ይከሰሳል፣ ይፈረድበታል። በሲሼልስ ግን የተሰወረው ዋጋ በየትኛውም የበጀት መዝገብ ላይ አልተጻፈም፤ ስለዚህ በ1993 የብዙኃን ፓርቲ ሥርዓት ከተመለሰ በኋላ እንኳ ድምፅ ሰጪው የሚፈርድበት ነገር በግልጽ አልቀረበለትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከርኅራኄ የሚነሣ ነው። ሲሼልስ ትምህርትንና ሕክምናን ለዜጎቿ በነጻ ያዳረሰች፣ በሰብዓዊ ልማት መለኪያ ከአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዷ ናት። የምትበላውን አብዛኛውን ከውጭ የምታስገባ መቶ ሺሕ የማይሞላ ሕዝብ የነበራት አገር ሩፒዋን ከፍ አድርጋ ብታቆይ ለድሃው ሩዙንና መድኃኒቱን ለማርከስ ብላ ነው፤ ለድሃ ሲባል የተነገረ ትንሽ ሐሰት ይቅር አይባልም ወይ? ይህ ጥያቄ በንቀት የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ምሕረት ምሕረት እንዲሆን ለማን እንደ ተሰጠ መታወቅ አለበት። ሩዝ ለድሃ ይርከስ ከተባለ በበጀት ውስጥ «ለሩዝ ድጎማ ይህን ያህል» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ያኔ ማን እንደ ከፈለና ማን እንደ ተቀበለ ይታያል። በርካሽ ተመን የሚታደል ዶላር ግን በመጀመሪያ የሚደርሰው ከድሃው እጅ አይደለም፤ ፈቃድ ከሚሰጠውና ፈቃድ ከሚያገኘው እጅ ነው። በሲሼልስ በ1984 የተቋቋመው መንግሥታዊ የግብይት ቦርድ የበርካታ መሠረታዊ ሸቀጦችን ማስመጣት በብቸኝነት ይዞ ነበር። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት ሁሉ የኃላፊው ፊርማ ራሱ ሸቀጥ ይሆናል፤ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል ማዳበሪያ ያገኛል። መጨረሻውም የታወቀ ነው። በ2008 ማብቂያ ሩፒው ሲለቀቅ የዋጋ ግሽበቱ በዓመት ከ60 በመቶ በላይ ወጣ፤ ያንን የተሸከመው ዶላር ያልነበረው ደመወዝተኛ እንጂ ውጭ አገር ሀብት ያሸሸው ሰው አልነበረም። ለድሃው ተብሎ ለዓመታት የቆየው ቁጥር ሒሳቡን በአንድ ጊዜ ያስከፈለው ያንኑ ድሃ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የፍልስፍና ሰዎች የሚያነሡት ነው፦ «ይፋዊው ተመን ሐሰት ነው ካልህ እውነቱ የትኛው ነው? ገበያው?» በሲሼልስ የሆነውን ያየ ሰው ገበያውን የእውነት አፍ አድርጎ ሊቀበለው ይቸግረዋል። ዶላሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 16 ሩፒ ወጥቶ ከዓመት በኋላ ወደ 11 ገደማ ተመለሰ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የደሴቶቹ ዓሣም ሆነ የባሕር ዳርቻዎቻቸው ውበት አልተለወጡም፤ የተለወጠው የሰዎች ፍርሃትና ተስፋ ነው። ፍርሃት የሚያወጣው ዋጋ ከአዋጅ ዋጋ በምን ይበልጣል? መልሴ ይህ ነው፦ ገበያው እውነትን ይናገራል አላልኩም፤ አልልምም። የኔ መመዘኛ ከዚያ ጠበብ ያለ ነው። የተነገረው ዋጋ የሚፈጸም ነው ወይስ አይደለም? በዚህ መመዘኛ በመንግሥት የተወሰነ ተመንም ሐቀኛ ሊሆን ይችላል። የሞሪሸስ መንግሥት በ1979 እና በ1981 ያወጀው ተመን በባለሥልጣናት የተወሰነ ነበር፤ አገሪቱ የምንዛሪ ቁጥጥሯን ያነሣችው በ1994 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የ1 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ተመንም በአዋጅ የቆመ ነበር። ሁለቱንም ሐቀኛ ያደረጋቸው አገሪቱ ልትሸከመው ከምትችለው ጋር መቀራረባቸው ነው። እውነት በዚህ ጉዳይ ላይ ከአንድ ቁጥር ጋር የተጣበቀች አይደለችም፤ በሚናገረው ሰውና በሚሰማው ሰው መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ ትኖራለች።

«ትናንሽ ደሴቶች ምን አቅም አላቸው? ዋጋቸውን የሚወስንላቸው ዓለም ነው፤ አቅም የሌለውን ተጠያቂ ማድረግ ፍትሕ አይደለም» የሚልም አይጠፋም። ሰው የሚጠየቀው በሚችለው ልክ መሆኑን እቀበላለሁ። የስኳርን ዋጋ ሞሪሸስ፣ የነዳጅን ዋጋ ሲሼልስ አልወሰነችም። ለዚህም ነው የሁለቱ ታሪክ ጎን ለጎን መቀመጡ የሚጠቅመው፤ ሁለቱም ትንሽ ናቸው፣ ሁለቱም ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ይኖራሉ፣ ሁለቱም ከአንድ ቅኝ ገዥና ከአንድ ቁጥር ተነሡ። ማዕበሉን አልመረጡትም፤ ስለ ማዕበሉ ለሕዝባቸው የሚናገሩትን ግን መርጠዋል። አቅም ማጣት ቁጥሩ ዝቅ ለማለቱ ምክንያት ይሆናል፤ ዝቅ ያለውን ቁጥር ለመደበቅ ግን ምክንያት አይሆንም። ሲሼልስም ብትሆን ከ2008 በኋላ የመጣችበት መንገድ ይህንኑ ያረጋግጣል። ተመኑ ከተለቀቀና ቁጥጥሩ ከተነሣ በኋላ ወረፋው ቀረ፤ አበዳሪዎቿም ዕዳዋን ለመቀነስ ተስማሙ። በ2022 አንዱ የሲሼልስ ሩፒ ሦስት የሞሪሸስ ሩፒ ገደማ ያወጣ ነበር፤ ልዩነቱ ከ2006ቱ ያነሰ ቢሆንም ማንም ሰው መስኮት ላይ ቆሞ ሊቀበለው የሚችለው ልዩነት ነው። ከእጅ ከማይገባ አምስት ተኩል ይልቅ የሚጨበጥ ሦስት ይበልጣል።

ይህ ነገር ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ደሴት ወሬ ብቻ አይደለም። ብር ለአንድ ዶላር 2.07 ሆኖ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ቆሞ በ1992 ወደ 5 ሲወርድ፣ በኋላም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ገበያ መር ይሁን ተብሎ 57 አካባቢ የነበረው ተመን በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ሲያልፍ ያየ ሕዝብ የሁለት ሚዛንን ነገር በሚገባ ያውቀዋል። በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ ሠርቶ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሰው ከሁለቱ ዋጋ አንዱን ለመምረጥ የተገደደባቸው ዓመታት ነበሩ፤ በሕጋዊው መንገድ ቢልክ እናቱ ትጎዳለች፣ በሌላው ቢልክ ሕግ ይተላለፋል። ሁለት ሚዛን የያዘ መንግሥት ከሚያደርሰው ጉዳት አንዱ ይህ ነው፦ ቅን ዜጋን በቅንነቱ ያስቀጣዋል፣ ወይም ከሐሰቱ ተካፋይ ያደርገዋል። በእኛም አገር የተመኑ መውረድ የኑሮ ውድነት እንዳስከተለ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ እውነተኛ ተመን ያወጀ መንግሥት ሥራውን ጨረሰ ማለት አይቻልም። እውነቱን ከተናገረ በኋላ እውነቱ የጎዳውን መካስ ቀሪ ዕዳው ነው።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። ገንዘብን ዝቅ ማድረግ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰት የሚሆነው ግን ዝቅ ብሎ ሳለ ከፍ እንዳለ ሲነገርለት ነው። የሞሪሸስ ሩፒ በወረቀት ላይ ወደቀ፣ ቃሉ ግን ቆመ፤ የሲሼልስ ሩፒ እስከ 2008 በወረቀት ላይ ቆመ፣ ቃሉ ግን ወደቀ። ስለ ገንዘባችን ስንወያይ «ስንት ደረሰ?» የሚለውን ከመጠየቅ አልፈን «በዚህ ተመን ማን ያገኛል? ማንስ ተመልሶ ይሄዳል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። መሪዎቻችንንም የማይናወጥ ቁጥር እንዲያሳዩን አንጠይቃቸው። ለሁሉም አንድ የሆነ ሚዛን እንዲይዙ፣ የማይችሉትን እንዳይምሉ፣ ሚዛኑ ሲለወጥም በአደባባይ እንዲነግሩንና የተጎዳውን እንዲደግፉ እንጠይቃቸው። ሕዝብ ከመንግሥቱ ሊጠይቀው የሚገባው ጽናት ይህ ነው።